ዳግም ቅንብር ከቀዳሚው ሲልቅ



የጥበብ ሥራ ከሠሪው እጅ ከወጣ በኋላ ሌላ ሰው ሊያሻሽለው ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ ብዙዎችን ሲያከራክር የኖረ ነው፤ አንድ ሠዓሊ የፈጸመውን ሥዕል ሌላ ሠዓሊ ቀለም ቢጨምርበት እንቆጣለን፤ ባለቅኔው የቋጨውን ቅኔ ሌላ ሰው ቢያርመውም ድፍረት ነው እንላለን። በዛሬው ንግግሬ ግን ሁለተኛው ሠራተኛ ከመጀመሪያው በልጦ የተገኘበትን፣ ሕዝብም ተነሥቶ በመጨፈር የመሰከረለትን አንድ የዘመናችን የሙዚቃ ጥበብ ለመግለጽ አስቤአለሁ፤ ይኸውም ሪሚክስ እየተባለ የሚጠራው፣ እኔም በዚህ ንግግር ዳግም ቅንብር የምለው፣ ለዳንስ የሚዘጋጅ ሙዚቃ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ነገሩን ከሚመስሉት ነገሮች መለየት ይገባል። የቀድሞ ዘፋኝ ያዜመውን ዜማ ሌላ ዘፋኝ በራሱ ድምፅ ቢያዜመው፣ ያ እንደገና መዝፈን እንጂ ዳግም ቅንብር አይደለም። ዳግም ቅንብር ማለት በስቱዲዮ የተቀረጸው ያው የዘፋኝ ድምፅ፣ ያው ከበሮ፣ ያው ጊታር ከቴፑ ላይ ተነሥቶ፣ አንዱ እንዲጎላ፣ ሌላው እንዲደበዝዝ፣ ሦስተኛው ጨርሶ እንዲወጣ፣ አራተኛው ደግሞ እንዲደጋገም ተደርጎ አዲስ መልክ ሲሰጠው ነው። ይህም ሊሆን የሚችለው የመቅረጫው መሣሪያ እያንዳንዱን ድምፅ ባለሙያዎች ትራክ በሚሉት መሥመር ለየብቻው ስለሚያኖረው ነው፤ በ1970ዎቹ ዓመታት (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) በታላላቆቹ የአሜሪካ ስቱዲዮዎች 24 ትራክ ያለው ቴፕ የተለመደ ስለ ነበር፣ የዘፋኚቱ ድምፅ በአንዱ፣ ቤዝ ጊታሩ በሌላው፣ ቫዮሊኖቹም በሌላው እየተለዩ ይቀመጡ ነበር።

ላስረዳ የምፈልገው ዋና ነገር ይህ ነው፤ ዳግም ቅንብር ከቀዳሚው ሥራ የሚልቀው፣ አቀናባሪው ከራሱ ብዙ ስለ ጨመረበት ሳይሆን፣ በቀዳሚው ሥራ ውስጥ ተሠውሮ የነበረውን፣ ሠሪዎቹም ራሳቸው ያላስተዋሉትን ነገር ሰምቶ ወደ ብርሃን ስላወጣው ነው፤ ይህንንም ለመስማት የቻለው በሚጨፍረው ሕዝብ መካከል ስለ ቆመ ነው።

አሳቡ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ሊሆን አይገባውም። በቤተ ክርስቲያናችን የአቋቋም ሥርዓት የቅዱስ ያሬድ ዜማ በመጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ያን ጊዜ ከበሮም ጸናጽልም ስለማይገባበት ዜማው ብቻውን ይሰማል። ቀጥሎ በመቋሚያው እንቅስቃሴ በዝማሜ ይባላል፤ ከዚያ ከበሮና ጸናጽል ገብቶ በመረግድ፣ በኋላም ምቱ እየፈጠነ በጽፋት ይባላል። ቃሉ ያው ሲሆን፣ ከቁሙ ወደ ጽፋቱ በተሸጋገረ መጠን የካህናቱም የምእመናኑም መንፈስ እየተነሣሣ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ማዕርግ ላይ ሲደርስም በመጀመሪያው ጊዜ በጆሮ ብቻ የተሰማው ቃል አሁን በመላው ሰውነት ይሰማል። ይህን ስል ቅዱሱን ከዓለማዊው ጋር በአንድ ሚዛን ላስቀምጥ አይደለም፤ ሁለቱ በዓላማቸው እጅግ የተራራቁ ናቸው። ነገር ግን አንዱ ዜማ በልዩ ልዩ ማዕርግ ሊገለጥ እንደሚችል፣ ቆሞ ለማድመጥ የሚስማማው ሥርዓት አንድ፣ ለሽብሸባ የሚስማማው ሥርዓት ሌላ እንደ ሆነ አባቶቻችን ከረጅም ዘመን ጀምሮ ሲያውቁት ኖረዋል። በባዕድ አገር በጭፈራ ቤቶች የተገኘው ጥበብም ይህንኑ ልዩነት በራሱ መንገድ ደረሰበት።

የጥበቡ መነሻ በካሪቢያን ባሕር ያለችው የጃማይካ ደሴት ናት። በዚያ አገር በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት ተራው ሕዝብ የሚጨፍረው በአዳራሽ ውስጥ በኦርኬስትራ ሳይሆን፣ ሳውንድ ሲስተም የሚባሉ ታላላቅ የድምፅ ማጉያዎች በሜዳ ላይ ተተክለው ሸክላ እየተጫወተለት ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሩዲ ሬድዉድ የተባለ የስፓኒሽ ታውን ከተማ የሳውንድ ሲስተም ባለቤት ትሬዠር አይል ከሚባለው ስቱዲዮ ሸክላ ሲያስቀርጽ፣ ሠራተኛው የዘፋኞቹን ድምፅ ሳያስገባ የመሣሪያዎቹን ድምፅ ብቻ ቀረጸለት ተብሎ ይተረካል። ሬድዉድም ጉድለት ነው ብሎ አልጣለውም፤ ወደ ጭፈራው ቦታ ወስዶ በመጀመሪያ ድምፅ ያለበትን፣ ቀጥሎ ድምፅ የሌለበትን ቢያጫውት፣ ሕዝቡ የጎደለውን ግጥም በራሱ አፍ እየሞላ አብሮ ዘፈነ። ከዘፈኑ የተቀነሰው ድምፅ ለሕዝቡ ስፍራ ለቀቀለት፤ እስከዚያ ሰዓት ድረስ አድማጭ ብቻ የነበረውም ተካፋይ ሆነ።

ይህን አጋጣሚ ወደ ፍጹም ጥበብ ያደረሰው በ1941 የተወለደው፣ በትክክለኛ ስሙ ኦዝቦርን ረዶክ፣ በሕዝብ ዘንድ ግን ኪንግ ተቢ የሚባለው የኪንግስተን ሰው ነው። ሥራው የራዲዮና የድምፅ ማጉያ ጥገና ስለ ነበር የኤሌክትሪክን ጠባይ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በመኖሪያ ቤቱ ባደራጀው ጠባብ ስቱዲዮ አራት ትራክ ብቻ ባለው መሣሪያ እየተጠቀመ፣ የዘፋኙን ድምፅ በቃሉ መካከል ቆርጦ እንደ ገደል ማሚቶ እየተመላለሰ እንዲጠፋ ያደርገው፣ ጊታሩን ለአንድ አፍታ አሳይቶ ይደብቀው፣ ከበሮውንና ቤዝ ጊታሩን ግን ለብቻቸው ያስቀራቸው ነበር። ደብ የሚባለው የሙዚቃ ዓይነት የተወለደው ከዚህ ነው። ኪንግ ተቢ በዘፋኝነትም ሆነ በመሣሪያ ተጫዋችነት የታወቀ ሰው አልነበረም፤ ሆኖም በሰማይ ያለ ደመና ሲገለጥ ከዋክብቱ እንደሚታዩ ሁሉ፣ እርሱ የቀነሰው ነገር የቀረውን አጉልቶ ስላሳየ፣ ብዙዎቹ ቅንብሮቹ ከተነሡባቸው ዘፈኖች ይልቅ ዕድሜ አግኝተዋል።

በኒው ዮርክ ደግሞ ተመሳሳዩ ነገር ከሌላ ችግር ተነሥቶ ተገኘ። ቶም ሞልተን የሚባል ሰው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለከተማይቱ ቅርብ በሆነችው በፋየር አይላንድ ሰዎች ሲጨፍሩ ይመለከት ነበር። በዚያን ጊዜ በባለ 7 ኢንች ሸክላ የሚወጣው ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለ ነበር፣ የጨፋሪው ሰውነት ሞቆ፣ እግሩም ከምቱ ጋር ተስማምቶ፣ ደስታው ሊፈጸም ሲቃረብ ዘፈኑ ያልቃል፤ ሌላው ዘፈን በሌላ ፍጥነት ሲጀምር ሰዉ ግራ ተጋብቶ ከመድረኩ ይወጣል። ሞልተን ዲጄ አልነበረም፤ ነገር ግን ይህን ጉድለት አስተውሎ፣ ቴፕ እየቆረጠና እየቀጠለ፣ አንዱ ዘፈን ከሌላው ሳይቋረጥ የሚፈስበትን የ45 ደቂቃ ቅጂ በብዙ ድካም አዘጋጀ። በ1975 የወጣው የዘፋኚቱ የግሎሪያ ጌይነር ሸክላ አንድ ገጽ በሙሉ ሦስት ዘፈኖችን ሳያቋርጥ አያይዞ የያዘው በሞልተን ቅንብር ነው፤ ለጨፋሪዎች ተብሎ የአንድ ሸክላ ገጽ በዚህ ዓይነት ሲዘጋጅ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር።

ዛሬ በዳንስ ሙዚቃ ዘንድ የከበረው ባለ 12 ኢንች ነጠላ ሸክላም ከሞልተን ስም ጋር ተያይዞ ይነሣል። እንደሚተረከው፣ ከእርሱ ጋር የሚሠራው ሆሴ ሮድሪገዝ የተባለው የሸክላ ቀራጭ ባለ 7 ኢንቹ ባዶ ሸክላ ስላለቀበት ሰፋ ባለው ላይ ቢቀርጽ፣ ድምፁ ከወትሮው ይልቅ በርትቶና ጠልቆ ተገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቤዝ ጊታርና የከበሮ ዝቅተኛ ድምፅ በሸክላው ላይ ሰፊ ቦይ ይፈልጋል፤ ረጅም ዘፈን በትንሽ ሸክላ ላይ ሲቀረጽ ቦዮቹ ስለሚጣበቡ ድምፁ ይደክማል፤ በሰፊው ሸክላ ግን ለርዝመቱም ለብርታቱም ስፍራ ይገኛል። በዚህ ዓይነት ዳግም ቅንብር ጊዜንና ኃይልን አንድነት የሚይዝ ዕቃ አገኘ።

ከዚህ በኋላ የተነሣውና በእኔ አስተያየት ለጠቅላላው ጥበብ ሕግ የሠራለት ሰው ዋልተር ጊበንስ ነው። ጊበንስ በኒው ዮርክ ጋላክሲ 21 በሚባለው የጭፈራ ቤት ሸክላ አጫዋች ስለ ነበር፣ ሰዎች በየትኛው ዜማ እንደሚነሡና በየትኛው እንደሚቀመጡ ሌሊት ሌሊት ሲያይ የኖረ ነው። በ1976 ሳልሶል የተባለው የሸክላ ኩባንያ «ቴን ፐርሰንት» የሚለውን፣ ደብል ኤክስፖዠር የተባለው ጓድ የዘፈነውን ዘፈን እንዲያቀናብር ሰጠው፤ እርሱም ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ አድርጎ አስፋፋው። ይህ ሸክላ ለተራው ሕዝብ ሽያጭ የቀረበ የመጀመሪያው ባለ 12 ኢንች ነጠላ ሸክላ ተብሎ ይታወቃል። ታላቅነቱ በምሉእነት የተገለጠው ግን በ1977 ሎሊያታ ሆሎወይ የዘፈነችውን «ሂት ኤንድ ረን» የሚለውን ዘፈን በተቀበለ ጊዜ ነው።

ሆሎወይ የቺካጎ ተወላጅ ስትሆን፣ ወደ ዓለማዊው ዘፈን ከመግባቷ በፊት ካራቫንስ ከሚባለው ስመ ጥር የመንፈሳዊ መዝሙር ጓድ ጋር ታገለግል ነበር፤ ስለዚህ በጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን እንደሚሰማው፣ ከተጻፈው ግጥም ወጥታ መንፈሷ እንደ መራት መጮኽን፣ መማጸንን፣ አንድን ቃል እያነሡ መጣልን ታውቅበት ነበር። የመጀመሪያው ቅጂ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ የሚጀምረው በሥርዓት በተቀናበረው ግጥም ነው፤ ያ ልቅ የሆነው ጩኸቷ የሚሰማው ወደ መጨረሻው ላይ ብቻ ነበር። ጊበንስ እያንዳንዱ ድምፅ ለየብቻው የተቀረጸበትን ቴፕ በእጁ ባገኘ ጊዜ፣ አብዛኛውን የመክፈቻ ግጥም አስወጣ፤ በምትኩ ከበሮውንና ቤዙን አስቀድሞ፣ በመጨረሻ የነበረውን የዘፋኚቱን ጩኸት የሥራው ልብ አደረገው፤ ርዝመቱም ወደ 11 ደቂቃ ደረሰ። ተመልከቱ፤ ጊበንስ ከራሱ አንዲት ቃል አልጨመረም፤ አንድ ዘፋኝ አላስገባም። የሠሩት ሰዎች እንደ ማሳረጊያ የቆጠሩትን እርሱ ዋናው መሆኑን ሰማ። ግጥሙን በሥርዓት ስትዘፍን ከብዙ ጥሩ ዘፋኞች አንዷ የነበረችው ሴት፣ በጊበንስ ቅንብር ላይ ከማንም ጋር የማትምታታ፣ አዳራሹን ብቻዋን የምትሞላ ሆነች። ቀዳሚውንና ዳግመኛውን አከታትሎ የሚሰማ ሰው ሁሉ ፍርዱን ለመስጠት የሚቸገር አይመስለኝም።

የመቀነስ ነገር ይህ ከሆነ፣ የሚቀነስ ነገር ጨርሶ በሌለበት ምን ይደረጋል? ለዚህ መልስ የሚሆነን የአሜሪካዊቷ የሱዛን ቬጋ ዘፈን ነው። ቬጋ «ቶምስ ዳይነር» የሚለውን ዘፈን የጻፈችው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ በ1987 ባወጣችው ሸክላ መግቢያ ላይ ያለ አንዳች መሣሪያ በድምፅዋ ብቻ ዘፍናዋለች፤ ነገሩም በኒው ዮርክ ጎዳና ላይ ባለ አንድ ምግብ ቤት ቁጭ ብሎ ሰውንና ዝናቡን የሚመለከት ሰው አሳብ ነው። ድምፅዋ ምንም ሽፋን የሌለው በመሆኑ፣ በጀርመን አገር ኤምፒ3 የሚባለውን የድምፅ ማመቂያ ዘዴ ካዘጋጁት አንዱ የሆኑት ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግ ዘዴያቸውን ከፈተኑባቸው ቅጂዎች አንዱ ይኸው ዘፈን ነበር፤ ጥቂት ጉድለት እንኳ ቢኖር በእንዲህ ያለው ራቁት ድምፅ ላይ ወዲያው ይሰማልና። በ1990 ዲኤንኤ በሚል ስም የሚሠሩ ሁለት እንግሊዛውያን ይህን ድምፅ ወስደው ከሥሩ ቀርፋፋና ከባድ የሆነ የዳንስ ምት አነጠፉለት። ከሁሉ የሚደነቀው ግን ቬጋ በዘፈኑ መጨረሻ ቃል የሌለው ማንጎራጎር እያሰማች የምትዘጋበትን ክፍል አንሥተው አዝማች ማድረጋቸው ነው። ዘፈኑ በመጀመሪያው መልኩ አዝማች አልነበረውም፤ እንደ ትረካ ተጀምሮ እንደ ትረካ ያልቅ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ግን አዝማቹ በሥራው ጅራት ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ አገኙት።

የዚህ ሥራ ፍጻሜም ትምህርት የሚሰጥ ነው። ሁለቱ ሰዎች ያለ ፈቃድ አባዝተው ስላሠራጩት፣ ቬጋና የሸክላ ኩባንያዋ በሕግ ሊከሷቸው ይችሉ ነበር፤ ይሁን እንጂ ቬጋ ቅንብሩን ሰምታ ስለ ወደደችው፣ ኩባንያው ሥራውን ገዝቶ በሕጋዊ መንገድ አወጣው። በዘፈኖች ሠንጠረዥም በእንግሊዝ አገር ሁለተኛ፣ በአሜሪካ አምስተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። የመጀመሪያው ሠሪ በሁለተኛው እጅ ውስጥ የራሱን ሥራ ለይቶ ማወቅና ማመስገን ሲችል፣ ያ ከፍ ያለ የኅሊና ጌትነት ነው።

ሌላው የማነሣው ሥራ «ሚሲንግ» የሚለው የእንግሊዛውያኑ የትሬሲ ቶርንና የቤን ዋት ዘፈን ነው። ሁለቱ ኤቭሪቲንግ ባት ዘ ገርል በሚለው ስም የሚሠሩ ሲሆን፣ ዘፈኑ በ1994 ባወጡት ሸክላ ውስጥ ነበረ፤ ሲወጣም ብዙ ሰው አልሰማውም። ጉዳዩ ተለይቶ የሄደን ወዳጅ መናፈቅ ነው፤ ትዝታ እየሰማ ላደገ ኢትዮጵያዊም ስሜቱን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻም። የኒው ዮርኩ አቀናባሪ ቶድ ቴሪ ዘፈኑን ሲቀበል፣ የቶርንን ድምፅ ሳይቆራርጥ፣ ግጥሙንም ሳያጎድል ከሞላ ጎደል እንዳለ ተወው፤ ከሥሩ ግን ሃውስ በሚባለው ስልት የጸና፣ የማያወላውል የከበሮ ምት አኖረለት። በቀዳሚው ቅጂ ናፍቆቱ ልከኛና የተቆጠበ ነበር፤ በዳግመኛው ግን ያ የማይቆመው ምት፣ የሚሄድና የማይደርስ ሰው እርምጃ ሆኖ ከድምፁ ሥር ስለሚሰማ፣ ናፍቆቱ በአድማጩ ሰውነት ውስጥ ይገባል። ሰው ኀዘኑን እየዘፈነ መጨፈሩ ኀዘኑን እንደማያሳንሰው፣ እንዲያውም እንዲሸከመው እንደሚያስችለው ይህ ሥራ ያረጋግጣል። በ1995 ከወጣ በኋላ በእንግሊዝ አገር ሦስተኛ፣ በአሜሪካም ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ፤ በአሜሪካ የዘፈኖች ሠንጠረዥ ላይም 55 ሳምንት ቆየ። ባለዘፈኖቹም ከዚህ ተምረው በ1996 ባወጡት ቀጣይ ሥራቸው የዳንስን ምት የራሳቸው አደረጉት፤ ደቀ መዝሙሩ ያወጣውን ምስጢር መምህሩ ተቀበለ ማለት ነው።

ቴሪ በመቆጠብ እንዳሸነፈ ሁሉ፣ በድፍረት ያሸነፈም አለ። በ1989 ፕራይማል ስክሪም የተባለው የስኮትላንድ ጓድ አንድ ዘገምተኛ የኀዘን ዘፈን አውጥቶ ነበር፤ አንድሩ ዌዘሮል የሚባለው ዲጄ እንዲያቀናብረው ቢሰጡት፣ በመጀመሪያው ሙከራው ሥራውን አክብሮ ብዙ ሳይነካው መለሰላቸው። እነርሱም በድፍረት አፍርሶ እንዲሠራው መከሩት። ከዚያ በኋላ ዋናውን ዘፈን ከሞላ ጎደል አስወጥቶ፣ በመጨረሻው ክፍል የነበሩትን የመለከትና የጊታር ድምፆች መሠረት አድርጎ «ሎድድ» የተባለውን የ1990 ሥራ ሠራ፤ የጓዱ ስም በሰፊው የታወቀው በዚህ ነው። ኖርማን ኩክ የሚባለው አቀናባሪ ደግሞ ኮርነርሾፕ የተባለው ጓድ ለህንዳዊቷ ድምፃዊት ለአሻ ቦስሌ መታሰቢያ የሠራውን «ብሪምፉል ኦቭ አሻ» የሚለውን ዘፈን ፍጥነቱን ጨምሮ፣ ከበሮውን አበርትቶ ቢያቀርበው፣ በ1997 በ60ኛ ደረጃ ቀርቶ የነበረው ዘፈን በየካቲት 1998 በእንግሊዝ አገር አንደኛ ወጣ። እንግዲህ መቆጠብም መድፈርም በየራሳቸው ሕግ አይደሉም፤ ሕጉ የሥራውን ሥር ማወቅ ነው፤ ሥሩ በድምፁ ላይ ከሆነ ድምፁን መጠበቅ፣ በምቱ ላይ ከሆነ ምቱን ማውጣት።

እዚህ ላይ ሊነሣ የሚገባ ተቃውሞ አለ። «በሠንጠረዥ ላይ ከፍ ማለት ወይም ብዙ መሸጥ የጥበብ ብልጫ ምስክር አይደለም፤ ብዙ ሰው የወደደው ሁሉ የተሻለ አይደለም» የሚል ሰው እውነት ተናግሯል። እኔም ቁጥሩን የጠቀስሁት የሕዝቡን ምላሽ ለማሳየት እንጂ ፍርዱን በእርሱ ላይ ለመመሥረት አይደለም። በ1996 የወጣውን «ፕሮፌሽናል ዊዶው» የሚለውን የዘፋኚቱን የቶሪ ኤሞስን ዘፈን እንመልከት፤ ቀዳሚው በሃርፕሲኮርድ የታጀበ፣ ቍጣ የሞላበት ጥልቅ ሥራ ነው። አርማንድ ቫን ሄልደን ያቀናበረው የዳንስ ቅጂ በጥር 1997 በእንግሊዝ አገር አንደኛ ቢወጣም፣ ከግጥሙ ጥቂት ቃላት ብቻ አስቀርቶ የቀረውን ሁሉ ጥሎታል። ቤዙ ጠንካራ ነው፤ ለጭፈራም እጅግ ይመቻል፤ ነገር ግን የኤሞስን ዘፈን አሻሻለው ለማለት አልደፍርም፤ ከእርሷ ጥቂት ክር ወስዶ ሌላ ልብስ ሠራ እንጂ። በተጨማሪም ኩባንያዎች ለገበያ ብለው የሚያዙትና ማንኛውንም ዘፈን ከአንድ ዓይነት ከበሮ ጋር የሚያጣብቁት ቅንብር እጅግ ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለው በቀዳሚው ሥራ ላይ ጥላ ከመጣል በቀር ጥቅም የለውም።

ስለዚህ ዳግም ቅንብር ከቀዳሚው ላቀ ለማለት በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮች ሊገኙበት ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ቀዳሚውን ሥራ የሚያውቅ ሰው ዳግመኛውን ሲሰማ «ይህ ሁልጊዜም በውስጡ ነበረ» ሊል ይገባል። ሁለተኛው፣ የተጨመረው ርዝመት ድግግሞሽ ብቻ ሳይሆን መውጣትና መውረድ ያለው፣ ጨፋሪውን ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ የሚያደርስ መንገድ መሆን አለበት። ሦስተኛው፣ ወደ ቀዳሚው ሲመለሱ ዘፈኑ ጎዶሎ ሆኖ መሰማት አለበት፤ ይህ ሦስተኛው ከሁሉ የከበደው ፈተና ነው፤ «ሂት ኤንድ ረን»ም፣ «ሚሲንግ»ም ይህን ፈተና አልፈዋል።

አሁን ስለ ፍትሕ ጥቂት ልናገር እወዳለሁ። ሁለተኛው እጅ ሲመሰገን የመጀመሪያው እንዳይረሳ ያስፈልጋል። ያችው ሎሊያታ ሆሎወይ በ1980 «ላቭ ሴንሴሽን» የሚል ዘፈን ዘፍና ነበር፤ በ1989 ብላክ ቦክስ የተባለው የኢጣልያ ጓድ ድምፅዋን ከዚህ ዘፈን ቆርጦ «ራይድ ኦን ታይም» የሚለውን ሥራ ሲያወጣ ስሟን አልጠቀሰም፤ በመድረክና በቴሌቪዥንም ሌላ ሴት አፏን እያንቀሳቀሰች ባለድምፁ መስላ ትታይ ነበር። ሥራው በእንግሊዝ አገር ስድስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ሲቆይ፣ ባለድምፅዋ ግን ድርሻዋን ለማግኘት በሕግ መሟገት ነበረባት። ስሟን ሳይጠራ በድምፅዋ የከበረው ሥራ ምንም ያህል ቢጣፍጥ በዚህ በኩል ነውር አለበት። በሌላ በኩል ደግሞ የዳግም አቀናባሪዎቹ ድካም ራሱ ለብዙ ዓመታት እንደ ተራ የእጅ ሥራ ተቆጥሮ፣ በሸክላው ላይ በትንሽ ጽሕፈት ከመጠቀስ ያለፈ ክብር አላገኘም ነበር። የአሜሪካ የግራሚ ሽልማት ለዳግም አቀናባሪ የተለየ ስፍራ የሰጠው በ1998 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ተሸላሚም በቺካጎ ዌርሃውስ በተባለው የጭፈራ ቤት ሃውስ ለተባለው ሙዚቃ መሠረት ከጣሉት አንዱ የሆነው ፍራንኪ ናክልስ ነው።

በመጨረሻ ነገሩ እኛን የሚመለከትበትን በር ላሳያችሁ። ድምፃዊት እጅጋየሁ ሽባባው፣ በሕዝብ ዘንድ ጂጂ የምትባለው፣ በ2001 በስሟ የተጠራውን አልበም ስታወጣ ያዘጋጀው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር፤ በ2003 ደግሞ ያንኑ ሥራ በደብ ስልት እንደገና አቀናብሮ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል ስም አውጥቶታል። ያ ቅንብር ለጭፈራ ሳይሆን ለተመስጦ የተዘጋጀ ቢሆንም፣ በአማርኛ የተዘፈነ ዜማ፣ ከጃማይካ በተነሣው ጥበብ፣ በኒው ዮርክ ሰው እጅ ሁለተኛ ሕይወት ሊያገኝ እንደሚችል ማስረጃ ነው። ሊሆን የቻለውም እያንዳንዱ ድምፅ ተለይቶ ተቀምጦ ስለ ተገኘ ነው። ድምፃውያኑና መሣሪያዎቹ በአንድነት ተቀላቅለው በቀሩበት ቅጂ ላይ የጊበንስ ጆሮ ያለው ሰው ቢነሣ እንኳ የሚይዘው ነገር አይኖረውም።

ስለዚህ በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር ስቱዲዮ ያላችሁ አቀናባሪዎችና አሳታሚዎች ሆይ፣ ይህን አደራ እላችኋለሁ፤ ዘፈኑ ከወጣ በኋላ የየብቻውን ትራክ አትጣሉት፤ ማሲንቆው ለብቻው፣ ከበሮው ለብቻው፣ የዘፋኙ ድምፅ ለብቻው፣ የሠሪው ስምና ዓመቱ ተጽፎበት ይቀመጥ። ዲጄዎችና ወጣት አቀናባሪዎች ሆይ፣ የምትወስዱትን ድምፅ ባለቤት ስም ጥሩ፤ ድርሻውንም ስጡ፤ ከመንካታችሁ በፊትም ደጋግማችሁ ስሙ። እናንተም አድማጮች፣ ዳግመኛው ቅንብር ቢያስደስታችሁ ቀዳሚውን ፈልጋችሁ ስሙት፤ ሁለቱን አስተያይታችሁ የምትሰጡት ፍርድ ከማንኛውም ሠንጠረዥ የበለጠ ዋጋ አለው።